ጠሪና መላሽ፦ የታጠቀው ገበሬ ተረትና እውነታ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ውስጥ ከተቆጣ ሕዝብ ፊት የቆሙት ሽማግሌዎች መሣሪያ አልያዙም። በእጃቸው የነበረው እርጥብ ሳር ነው። በዚያ ሰሞን በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ከሞቱትና ከተፈናቀሉት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹም በሽመና የሚተዳደሩ። መርዶው አርባ ምንጭ ሲገባ ወጣቱ ነቅሎ ወጣ። ቁጣው በከተማዋ በሚኖሩ ኦሮሞዎችና በንብረታቸው ላይ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው አባቶች ሳሩን እንደያዙ ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ከባድ ጥፋት ነው። ወግ መጣስ ጎሜ ያመጣል፤ መዘዙም ለልጅ፣ ለከብት፣ ለአዝመራ ይተርፋል ተብሎ ይታመናል።

ምስሉ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። ከምስሉ ጋር አንድ ተረትም አብሮ ተዛመተ።

«ጋሞ ጦርነት የማያውቅ ሕዝብ ነው»

አነጋገሩ ምስጋና ይመስላል፤ የሽማግሌዎቹን ሥራ ግን ያሳንሳል። ሰላም እንደ መልክ አብሯቸው የተወለደ ከሆነ፣ ያን ዕለት ምን ደከሙ?

የምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ወደ ጋሞ ደጋ ከመድረሱ በፊት አካባቢው 40 ያህል ደሬዎች፣ ማለትም ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ግዛቶች ነበሩት። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ዲታ፣ ቦንኬ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። (ከተሜው ጋሞን ሁሉ «ዶርዜ» ማለት ይቀናዋል፤ ዶርዜ ከብዙዎቹ ደሬዎች አንዱ ነው።) እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ካዎ (ንጉሥ መሰል መሪ)፣ የራሱ ሃላቃዎች (የተመረጡ ሹማምንት)፣ የራሱ ዱቡሻ ማለትም የመሰብሰቢያ ሜዳ ነበረው። እነዚህ ደሬዎች እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። ደመወዝተኛ ወታደር አልነበራቸውም፤ ጦርና ጋሻ ማንሳት የሚችል ወንድ ሁሉ ወታደር ነው። ኦቾሎን ያየ ሰው ያ ዘመን ምን እንደሚመስል መገመት አይቸግረውም። መንደሩ የተቆረቆረው ከአባያ ሐይቅ በላይ በገደላማ አለት ላይ ነው፤ ከታች የሚመጣን ሰው ገና ከሩቅ ያያል።

የዚህችው ኦቾሎ ዱቡሻዎች የፈረንሳዊውን የሥነ ሰብእ ተመራማሪ የማርክ አቤሌስን ቀልብ ስበው በ1983 እ.ኤ.አ. ለታተመ መጽሐፉ መነሻ ሆነዋል። በዱቡሻ ተናጋሪው ይነሳል፣ ይመርቃል፣ ይሟገታል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ነገሩ እስኪበስል ድረስ ይመከራል። የድንበሩም፣ የጠቡም፣ የዕርቁም ጉዳይ የሚታየው በዚሁ ሜዳ ነበር። ለጦር የሚነሳው ሰው የጠራውን ጉባኤ ያውቀዋል፤ አባቱ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ እዚያ ተቀምጠዋል። ጦሩ አበቃ የሚለውም ያው ጉባኤ ነው። በ2011 ሳር ያነሱት አባቶች የወረሱት ይህን ሥርዓት ነው፤ ጦርነትን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ለማስቆም ተብሎ የተሠራ ሥርዓት።

«ሚሊሻ የደርግ ፈጠራ ነው»

አዲሱ ቃሉ ነው። በመስከረም 1888 ምኒልክ ክተት ሲያውጁ ወደ ዓድዋ የተመመው ሕዝብ በአብዛኛው ስንቁን ራሱ የቋጠረ ገበሬና የገበሬ ልጅ ነበር። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነጭ ለባሽ መጣ። መለዮ ስላልነበረው፣ በዘወትር ነጭ ልብሱ ስለሚወጣ ይህ ስም ወጣለት። ሽፍታ ሲነሳ የወረዳው ገዥ ይጠራዋል፤ ሲያበቃ ወደ ማሳው ይመለሳል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀውን የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ለማፈን ከተሰለፉት መካከልም ነጭ ለባሽ ነበረበት። ገበሬ ገበሬን እንዲወጋ ተጠራ ማለት ነው።

«የበጎ ፈቃድ ሚሊሻ» የሚለውን ስም በይፋ ተሸክሞ ኢትዮጵያ የገባው ደግሞ ነጭ የለበሰ አልነበረም። የሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች መጠሪያ «የብሔራዊ ደኅንነት የበጎ ፈቃድ ሚሊሻ» ነበር። በየካቲት 1929 አዲስ አበባን ለሦስት ቀን በደም ካጠቡት ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። «በጎ ፈቃድ» የሚል ቃል በስም ላይ ስለተጻፈ ብቻ መታመን እንደሌለበት ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

በጋሞ ምድር የታጣቂ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ አለው። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ ጨንቻ የነፍጠኛ ሰፈር፣ ቆይታም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ እስኪወርድ ድረስ። ወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ስለዚህ ለጋሞ ገበሬ ታጣቂ ማለት ለረጅም ጊዜ እህል የሚሰፍርለት፣ አጥር የሚያጥርለት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅና የገበሬ ማኅበራት የራሳቸውን ጠባቂ ከመካከላቸው ሲመርጡ የተሰማውን ስሜት ማጣጣል አይገባም። መሣሪያው እንደገና በጎረቤት ትከሻ ላይ ታየ።

«ያኔ ሁሉም በፈቃዱ ዘመተ»

ከሁሉም ተረቶች ይኼኛው ብዙ ቤተሰብ ያሳዝናል፤ ቀስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም የእናት አገር ጥሪ አሰሙ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ከየክፍለ ሀገሩ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ፤ ሰኔ 18 ቀን በአብዮት አደባባይ ተሰልፈው አለፉ። ብዙም ሳይቆይ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በእውነት ደሙ ፈልቶ፣ አገሬ ተደፈረች ብሎ የሄደ ገበሬ ብዙ ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ለሚታሰበው የካራማራ ድል እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ይህን የሚክድ ታሪክ የለም።

ነገር ግን ጥሪው ለየገበሬ ማኅበሩ የወረደው በኮታ ነበር። ቁጥሩን መሙላት የሊቀ መንበሩ ግዴታ ሆነ። ፈቃደኛ ሲያልቅ ቁጥሩ አያልቅምና ዕጣው በድኻውና ተሟጋች ዘመድ በሌለው ላይ ይወድቅ ነበር። ሥልጠናው የጥቂት ወራት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ማብቂያው ነው። ኦጋዴን ነጻ ሲወጣ ገበሬው ወደ ማሳው አልተመለሰም፤ ብዙው ወደ ኤርትራ ግንባር ተላከ፣ ውሎ አድሮም በመደበኛው ጦር ውስጥ ቀለጠ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት ሲጥልበት፣ በጎ ፈቃድ የሚለው ቃል ጨርሶ ቀረ። ሕዝቡም ለነገሩ የራሱን ስም አወጣለት፦ አፈሳ።

ለንጽጽር ያህል፣ በ1775 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተታኮሱት የየከተማው የገበሬ ጓዶች አለቆቻቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። በእነሱና በታጠቅ ገበሬ መካከል ያለው ልዩነት የጀግንነት አይደለም፤ የታጠቀው ሰው «በቃ፣ ልመለስ» የሚልበት ጉባኤ መኖር አለመኖሩ ነው። የጋሞ ገበሬ በዱቡሻ ይህ ነበረው፤ በታጠቅ አልነበረውም።

«ሚሊሻና ልዩ ኃይል አንድ ናቸው»

አይደሉም። ልዩ ኃይል በካምፕ የሚኖር፣ ደመወዝ የሚከፈለው የክልል ጦር ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. እንዲፈርስና ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ እንዲገባ ተወሰነ። የቀበሌ ሚሊሻ ቀን አርሶ ሌሊት የሚጠብቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ደመወዝ የሌለው የመንደር ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች ከዘረዘራቸው ሥልጣኖች አንዱ ፖሊስ ማቋቋም ነው፤ ሚሊሻን በስም አያነሳም። ስለዚህ ሚሊሻው ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ፣ ቢቆስል ማን እንደሚያሳክመው የመጠየቅ መብቱ ሰፊ ሊሆን ይገባል።

ታጠቅ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡራዩ አጠገብ ነው። በ1969 ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ገበሬ መተኮስ የተማረው እዚያ ነው። ከ41 ዓመት በኋላ ከዚያው አካባቢ የወጣው መርዶ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ፤ ወጣቱም ማንም ሳይጠራው ተነሳ። ከፊቱ ያገኘው ግን የተንበረከኩ አባቶችን ነው። ሳሩን አይቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።