ትምህርትን መንደፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ሐሳቡ በቀላሉ የሚነቀፍ አልነበረም። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን እጥረት ነበር፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነበር፤ በከተማና በገጠር መካከል ያለው የትምህርት ጥራት ልዩነትም ሰፊ ነበር። ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚሠራጭ አንድ ትምህርት ለሁሉም እኩል ቢደርስ ይህ ችግር ይቃለላል ተባለ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ያስታውሳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈሳል። ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ያልገባው «አንዴ ይቁምልኝ» ሊል አይችልም፤ ሥርጭቱ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ለመምህሩ የሚተርፈው በክፍለ ጊዜው መግቢያና መውጫ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። መብራት በጠፋ ዕለት ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። እርግጥ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ በሕይወቱ ሊያየው የማይችለውን የኬሚስትሪ ሙከራ በስክሪን አይቷል፤ ይህንን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለ ፕላዝማ ብዙ ወቀሳ ተሰንዝሯል፤ አብዛኛው ግን ያረፈው በስክሪኑ ላይ ነው። ጉድለቱ ከዚያ ቀድሞ የመጣ ነው። ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ምን ያህል እንግሊዝኛ ይዟል? ከአንድ አዲስ ሐሳብ በኋላ ምን ያህል ፋታ ያስፈልገዋል? እንዳልገባው የሚታወቀው በምንድን ነው? ሲታወቅስ ማን ምን ያደርጋል? መምህሩ በዚህ መካከል ሥራው ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ካሜራው ከመቅረጹ በፊት አንሥቶ፣ መልሱን በጥቂት ክፍሎች ፈትኖ፣ የተሳሳተውን አርሞ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ አገር አቀፍ ሥርጭት የሚያሳልፍ የሙያ ዘርፍ አለ። ኢንስትራክሽናል ዲዛይን ይባላል፤ ከትምህርት ቴክኖሎጂ ጋር ተጣምሮ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ስሙን የሰማ ብዙ ሰው የኮምፒውተር ጥገና፣ የቪዲዮ ቅንብር ወይም ድረ ገጽ መሥራት ይመስለዋል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ይህንኑ ግምት የሚያጠናክር ትምህርት ይሰጣሉ። የዲግሪው ዋጋ ግን ሰው እንዴት እንደሚማር በመረዳት፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ትምህርትን በመንደፍና የተነደፈውን በተማሪ ላይ በመፈተን የሚለካ ነው። መሣሪያው ግን በየጊዜው ይለወጣል።

የሙያው ሥር የሚገኘው በጦር ሠፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ሚሊዮኖችን በአጭር ጊዜ አሠልጥና ማሰማራት ነበረባት፤ ፊልምና የሥነ ልቦና ባለሙያ አብረው ለሥልጠና የዋሉት ያኔ ነው። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ሮበርት ጋኜ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የደረሰበት መደምደሚያ ለዘመኑ ያልተለመደ ነበር። የሥነ ልቦና መጻሕፍት የሚመክሩት ልምምድና ማበረታቻ ብቻውን ሩቅ አያስኬድም፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ሠልጣኙ በመጨረሻ የሚሠራውን ሥራ ወደ ንዑስ ክህሎቶች መተንተንና የትኛው ከየትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን ነው አለ። ጋኜ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተማረበት ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሙያው አንድ ማዕከል ሆነ። በ1975 እ.ኤ.አ. እዚያው ለአሜሪካ ጦር ኃይሎች የተዘጋጀው የሥልጠና ንድፍ ሥርዓት ከትንተና ተነሥቶ በንድፍ፣ በዝግጅትና በትግበራ አልፎ ወደ ምዘናና ማስተካከያ የሚሄደውን ቅደም ተከተል አጸና። ዛሬም በኢንዲያና፣ በጆርጂያና በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ወይም በኔዘርላንድስ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መስክ የሚማር ሰው ይህን ቅደም ተከተል፣ ተቺዎቹንም ጭምር ያጠናል።

ከዚህ ጋር የሚማረው ሌላው ነገር ከተለመደ ግምት ጋር የሚጋጭ ማስረጃ ነው። መምህር ሁሉ ተማሪ ሒሳብ የሚችለው ራሱ ሲሠራ ነው ብሎ ያምናል። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለርና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረጓቸው ሙከራዎች ጀማሪ ተማሪ ጥያቄውን ብቻውን ከሚታገል ይልቅ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌን ቢያጠና የተሻለ እንደሚማር አሳዩ። ምክንያቱም የአእምሮ የሥራ ማኅደር ጠባብ ነው፤ መፍትሔ ፍለጋው ራሱ ቦታውን ከያዘው ለመማር የሚተርፍ አይኖርም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የዚሁ ተቃራኒ በበሰሉ ተማሪዎች ላይ እንደሚታይ አረጋገጡ፤ ለእነርሱ የተሠራ ምሳሌ አላስፈላጊ ሸክም ይሆንና ራሳቸው ቢሠሩ ይሻላቸዋል። ሪቻርድ ሜየር ባካሄዳቸው ሙከራዎችም ሥዕላዊ መግለጫን በድምፅ እያስረዱ፣ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መደርደር ብዙውን ጊዜ መማርን እንደሚያዳክም ታይቷል። በየአዳራሹ ፓወርፖይንቱን መሥመር በመሥመር የሚያነብልን ሰው ይህን አያውቅም። ሁለት ዓመት ተቀምጦ ለመማር የሚያበቃ ዕውቀት እንዲህ ያለው ነው፤ በመልካም ፈቃድና በማስተማር ፍቅር ብቻ አይገኝምና።

የንድፍን አቅም በሰፊው ያሳየው ግን «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ፕሮግራም ነው። ከኖቬምበር 10 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተላለፈው ይህ ፕሮግራም መነሻው የድሃ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው መገኘታቸው ነበር። አዘጋጆቹ ቀረጻ ከመጀመራቸው በፊት በሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር በጄራልድ ሌሰር መሪነት መምህራንን፣ ተመራማሪዎችንና የቴሌቪዥን ሰዎችን ሰብስበው ልጆቹ ምን ማወቅ እንዳለባቸው ለይተው አስቀመጡ። ከዚያ ኤድዋርድ ፓልመር የተባለው ተመራማሪ መፈተሻ ዘዴ ፈጠረ። ሕፃኑ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል፤ በጎኑ በየ7 ሰኮንድ ተኩሉ ሥዕል የሚቀያይር ማሳያ ይደረጋል፤ ተመልካቹ የልጁ ዓይን መቼ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ፣ መቼ ወደ ሥዕሉ እንደዞረ ይመዘግባል። ልጁን ያልያዘ ትዕይንት ይታረማል ወይም ይወገዳል። ሥርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩ በፊላደልፊያ የተደረገው ሙከራ ከባድ ችግር አወጣ። ባለሙያዎች እውነተኛ ሰዎችን ከአሻንጉሊቶች ጋር መቀላቀል ሕፃናትን ያደናግራል ብለው ስለመከሩ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው የመንገድ ትዕይንት ሰዎች ብቻ ነበሩበት፤ ሕፃናቱም እዚያ ሲደርስ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ያነሣሉ። አዘጋጆቹ ምክሩን ትተው ማስረጃውን ተከተሉ። በሰዎቹ መካከል ቢግ በርድና ኦስካር የተባሉ አሻንጉሊቶች ገቡ፤ ዛሬ ዓለም ፕሮግራሙን የሚያውቀው በእነርሱ ነው። ሜሊሳ ኬርኒና ፊሊፕ ሌቪን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ የቴሌቪዥን ሞገድ በደንብ ይደርስባቸው የነበሩ አካባቢዎችን ከማይደርስባቸው ጋር አነጻጽረው፣ በደንብ በሚደርስበት ያደጉት ሕፃናት በዕድሜያቸው ልክ በሚገባቸው ክፍል የመገኘት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይተዋል። ፕላዝማም ሰሳሚ ስትሪትም ቆም የማይል፣ ጥያቄ የማይቀበል የአንድ አቅጣጫ ሥርጭት ናቸው። የሰሳሚ ስትሪት ዓላማ የተለየ፣ ተመልካቹም ሕፃን መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ሆኖም መሣሪያው አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በሌላው ጫፍ ፔሩ አለች። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ዓለም አቀፍ ዕቅድ መሠረት የፔሩ መንግሥት ከ800,000 በላይ ላፕቶፖች ገዝቶ አከፋፈለ። በኢንተር አሜሪካን ዴቨሎፕመንት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተካሄደው ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና መሻሻል አልተገኘም። ላፕቶፑ ደርሷል፣ ልጆቹም ተጠቅመውበታል፤ መምህሩ ግን በየትኛው ትምህርት፣ ለምን ዓላማ፣ እንዴት እንደሚጠቀምበት በበቂ አልተሠራም። በዚህ ላይ በሙያው ውስጥ የቆየ ክርክር አለ። ሪቻርድ ክላርክ በ1983 እ.ኤ.አ. መገናኛ መሣሪያ ትምህርት ማድረሻ ብቻ ነው፣ አስቤዛ ያመጣው መኪና የምግቡን ይዘት እንደማይለውጥ ሁሉ መሣሪያውም መማርን አይለውጥም ሲል ጻፈ። ሮበርት ኮዝማ ደግሞ መሣሪያው የሚያስችለው ነገር አለ፣ ንድፉም በዚያ አቅም ይወሰናል ብሎ መለሰለት። ኮዝማ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ግራፍ በሬዲዮ አይቀርብም። ነገር ግን የኮዝማ መልስ ራሱ ሥራውን ለነዳፊው ያሸክማል እንጂ ከእርሱ አያወርድም።

ዛሬ የሚሰማው ትልቁ ተቃውሞ ሌላ ነው። ቻት ጂፒቲ በደቂቃ የትምህርት ዕቅድ፣ ፈተናና ማብራሪያ የሚያወጣ ከሆነ ለዚህ ሙያ ዲግሪ ምን ያደርጋል ይባላል። መልሱ ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2025 እ.ኤ.አ. በታተመ የሒሳብ ጥናት ውስጥ አለ። አንዱ ቡድን ያለ ገደብ መልስ የሚሰጠውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዞ ሲለማመድ ውጤቱ በ48 በመቶ ከፍ አለ፤ መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተን ግን ከነጭራሹ ካልተጠቀሙት ተማሪዎች በ17 በመቶ አነሰ። ለሌላው ቡድን የተሰጠው ያው መሣሪያ ቢሆንም፣ መልሱን እንዳይናገር፣ መምህራን ባዘጋጁት ፍንጭ ብቻ እንዲመራ ተደርጎ ተነድፎ ነበር። የዚህ ቡድን የልምምድ ውጤት በ127 በመቶ አደገ፤ በፈተናውም ያ ጉዳት አልደረሰበትም። ከሌሎቹ በልጦም አልተገኘም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ ገና የሚሠራ ብዙ ንድፍ አለ ማለት ነውና። ያም ሆኖ መሣሪያው አንድ ሆኖ ተማሪን ሲጎዳና ሳይጎዳ ከታየ፣ ልዩነቱን የሚሠራው ሰው ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ማስተማር ጥበብ ነው፣ በቅደም ተከተል አይታሰርም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ሐሳባቸውም ክብደት አለው። ንድፍን እንደ ቅጽ መሙላት የያዘ ባለሙያ ክፍል ውስጥ ያለውን ሕይወት ሊገድል ይችላል፤ ፕላዝማም መምህሩን ተመልካች ያደረገው በዚሁ መንፈስ ነው። ጥሩ መምህር ግን አርባ ልጆችን ዓይናቸውን እያየ ያርማል፤ አርባ ሺህ ተማሪ የሚያየው ቪዲዮ ወይም ሞጁል የሚያዘጋጅ ሰው ያን ዕድል የለውም። ለእርሱ ዓይን የሚሆነው አስቀድሞ የተደረገ ሙከራ ብቻ ነው። መጽሐፍ ለማይዳረስበት አገር ይህ ቅንጦት ነው ለሚሉትም መልሱ ቅርብ ነው፤ ገንዘብ የጎደለው አገር ሳይፈትን መሣሪያ የመግዛት አቅሙ ከማንም ያነሰ ነው፤ ደግሞም በደንብ የተነደፈ የወረቀት ሞጁል ወይም የሬዲዮ ትምህርት የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ የምትኖሩ፣ ይህን ዲግሪ ለመማር የምታስቡ መምህራንና አሠልጣኞች ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ተመልከቱ። በአሜሪካ ማስተርሱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው፤ ሥራ ሳያቋርጡ በኦንላይን የሚማሩበትም ሞልቷል። ዝርዝሩ በሶፍትዌር ስም ብቻ የተሞላ ከሆነ ያንን በጥቂት ወራት ራሳችሁ ልትለምዱት ትችላላችሁና ገንዘባችሁን አታውጡ። የመማር ሥነ ልቦና፣ የተማሪና የሥራ ትንተና፣ ምዘናና የምርምር ዘዴ አሉበት? የሠራችሁትን ትምህርት እውነተኛ ተማሪዎች ሲጠቀሙበት ተቀምጣችሁ እንድታዩ፣ ያልሠራውን እንድታርሙና እንደገና እንድትፈትኑ የሚያስገድድ ኮርስ አለ? ይህ ከሌለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ፈልጉ። ለትምህርት ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች መሣሪያ ለመግዛት የምትፈርሙ ኃላፊዎች ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ትምህርቱን የነደፈው ማን እንደሆነ፣ በስንት ተማሪዎች ላይ እንደተሞከረና ከሙከራው በኋላ ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ ጠይቁ።