ተቀምጦም እግረ ፈጣን

አኪሌስ ተቀምጧል። የግሪኮች ጦር አዛዥ አጋሜምኖን የክብር ድርሻው የነበረችውን ምርኮኛ ብሪሴይስን ቀምቶታል፤ እሱም ተቆጥቶ፣ ከጦሩ ተነጥሎ፣ መርከቦቹ ዘንድ ቁጭ ብሏል። ሸንጎ አይሄድ፣ ውጊያ አይወጣ። የ«ኢልያድ» ገጣሚ ሆሜር ግን እዚያው እንደተቀመጠ «እግረ ፈጣኑ» ይለዋል። መርከቦቹም አሸዋ ላይ ተጎትተው ቆመው ሳለ «ፈጣን» መባላቸው አልቀረም። በ«ኦዲሴይ» መክፈቻ ደግሞ የሰው ሚስት ወስዶ ባልየውን የገደለው ኤጊስቶስ፣ በተለምዶ «ነቀፋ የሌለበት» ተብሎ በሚተረጎም ቅጽል ይጠራል።

ይህ ነገር አንባቢን ሲያስቸግር ኖሯል። የጥንት የእስክንድርያ ሊቃውንት አኪሌስ ፈጣን የተባለው በዚያች ሰዓት ስለሮጠ ሳይሆን በተፈጥሮው ፈጣን ስለሆነ ነው ብለው አለፉት። ከእነሱ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ጥልቅ ምሥጢር ፈለጉበት፤ ሌሎቹ ገጣሚው አንቀላፍቶ ነው አሉ። የሁሉም ጥያቄ ግን አንድ ነበር፦ ቃሉ እዚህ ቦታ ላይ ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1902 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ የተወለደው ምሁር ሚልማን ፓሪ ጥያቄውን ለወጠው። ቃሉ ስንኙ ውስጥ የት ላይ ተቀመጠ? አለ። ከዚያም ቁጭ ብሎ ይቆጥር ጀመር።

የሆሜር ስንኝ ስድስት ምት አለው፤ ምቱ የሚሠራው ከረጃጅምና ከአጫጭር ቀለማት ነው። የእኛ ገጣሚ የወል ቤት ሲጽፍ ስድስት ቀለም በስድስት ቀለም ይመጥናል፤ አንዲት ቀለም ብትጎድል ጆሮ ያውቃታል። በግሪኩ ደግሞ የቀለሙ ርዝመትም ይመዘናል። ስለዚህ ገጣሚው ሐሳቡን ጀምሮ አኪሌስ ስም ላይ ሲደርስ፣ እስከ ስንኙ መጨረሻ የቀረለት ቦታ የተለካ ነው። አምስት ቀለም ብቻ ከቀረው «ዲዮስ አኪሌውስ» ይላል፤ አምላክ መሰሉ አኪሌስ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት አጫጭር ቀለማት የሚሞሉት ክፍተት ካለ «ፖዳስ ኦኩስ አኪሌውስ» ይላል፤ እግረ ፈጣኑ አኪሌስ። ሰውየው ሮጠም ተቀመጠም ለምርጫው ለውጥ የለውም። መራጩ ክፍተቱ ነው።

ፓሪ ወደ ሌሎቹ ጀግኖችና አማልክት ዞረ። እያንዳንዱ ስም የራሱ የቅጽል ጓዝ አለው፤ ለአንድ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋጀው ደግሞ አንድ ቅጽል ብቻ ነው። የጎደለ የለም፣ የተረፈም እምብዛም። እንዲህ ያለውን ሥርዓት አንድ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ሊቅ ቢሆን፣ በአንድ ዕድሜ ሊሠራው አይችልም። እየተቀባበለ የመጣ የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። ፓሪ በ1928 ለዶክትሬት ፓሪስ ውስጥ ያቀረበው ጽሑፍ ይህን አሳየ።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማን ያስፈልጋል? ብዕር የያዘ ሰው ቃል ሲያማርጥ ሊያድር ይችላል። ሕዝብ ፊት ተቀምጦ የሚያዜም ሰው ግን የሚቀጥለው ስንኝ እየጠበቀው ነው። ፓሪ ይህን በዓይኑ ለማየት በ1933 ወደ ዩጎዝላቪያ ሄደ። በ1934 እና በ1935 ደግሞ አልበርት ሎርድ ከሚባል ወጣት ረዳቱ ጋር ተመለሰ። በዚያ አገር ጀግንነትን የሚያዜሙ ሰዎች «ጉስሌ» የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ እንደኛው ማሲንቆ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ በደጋንም ይገዘገዛል። ስንኛቸው አሥር ቀለም ነው፦ አራት ብሎ ዐረፍ፣ ከዚያ ስድስት። «ተቀበል!» ሲባል ሳይደነግጥ የሚቀበል አዝማሪ ያየ ሰው፣ ፓሪ እዚያ ምን እንደተሰማው አይጠፋውም። ሁለት መቅጃ ያለው መሣሪያ አሠርቶ ነበር፤ አንዱ የአሉሚኒየም ሸክላ ሲሞላ ሌላው ይቀጥላል፣ ዜማው አይቋረጥም። ከ3,500 በላይ ሸክላ ሞላ።

እዚያ ከተገኘው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ዘማሪዎቹ የሰሙትን ዘፈን «ቃል በቃል» እንደሚደግሙት ይምሉ ነበር። ሸክላው ግን ሌላ ይመሰክራል፤ ስንኞቹ በየጊዜው ይለያያሉ። ዋሹ እንዳይባል፣ የፓሪ ረዳት ኒኮላ ቩይኖቪች፣ እሱም ራሱ ዘማሪ ነው፣ ዘፈን ውስጥ ቃል ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። አንድ ሙሉ ስንኝ አሉለት፤ አንዳንዴም ከስንኝ የሚበልጥ። ፖሊስ ጣቢያ «ቃሉን ሰጠ» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የአፍ ግጥምንም «ቃል ግጥም» እንለዋለን። ዘማሪው የሚደግመው ነጠላ ቃላትን አልነበረም፤ በስንኝ ልክ የተሰፋ ሐሳብን ነበር።

በ1935 ፓሪ ፈተና አዘጋጀ። ሙሚን የሚባል ዘማሪ፣ አቭዶ መጀዶቪች ሰምቶት የማያውቀውን ዘፈን እንዲያዜም አደረገ። አቭዶ ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ የቢዬሎ ፖልዬ ሥጋ ሻጭ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ፓሪ ወደ አቭዶ ዞሮ አንተስ ትችለዋለህ? አለው። የሙሚን ዘፈን 2,294 ስንኝ ነበር፤ የአቭዶ 6,313 ሆነ። ጌጡ በዛ፣ የሰዎቹ ስሜት ጠለቀ። ያው አሥር ቀለም፣ ያው የተወረሰ ቋንቋ ነው። ያንኑ ሰሞን አቭዶ 12,311 ስንኝ ያለው አንድ ዘፈን ለኒኮላ አስጻፈ፤ ከ«ኦዲሴይ» ጋር የሚተካከል ርዝመት ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሎስ አንጀለስ ሆቴል ውስጥ ሽጉጥ ባርቆ ፓሪን ገደለው። 33 ዓመቱ ነበር። ሥራውን ሎርድ ቀጠለበት፤ መጽሐፉንም በ1960 አወጣ።

የፓሪ ግኝት ግን ግጥም ወዳድን ሰው ያማል። ቅጽሉን የሚመርጠው ክፍተቱ ከሆነ፣ ስንኙ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ፓሪ ራሱ፣ እንዲህ ያለው ቅጽል ለዚያች ቅጽበት የተለየ ትርጉም አይጨምርም፣ ለነገሩ ሁሉ የጀግንነት ማዕረግ ይሰጠዋል እንጂ ብሎ ያምን ነበር። እኔ ይህን ግማሽ መልስ እለዋለሁ። ቀሪውን ግማሽ ያመጣው ልጁ ነው።

አዳም ፓሪ አባቱ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በ1956 በአኪሌስ ንግግር ላይ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ያነሳው የ«ኢልያድ»ን ዘጠነኛ ክፍል ነው። አጋሜምኖን አኪሌስን ለማስታረቅ መልእክተኞች ይልካል፤ የሚሰጠውም ይቆጠራል፦ አሥር መክሊት ወርቅ፣ 12 ፈረስ፣ ሰባት ከተማ። የዚያ ዓለም ቋንቋ እንደሚለው ክብር ማለት ይኸው ስጦታ ነው። አኪሌስ ግን አላመነበትም። እንዴት ይናገረው? ያለው ቋንቋ ሁሉም የሚናገረው፣ ስንኝ በስንኝ የተወረሰው ቋንቋ ነው፤ «ክብራችሁ ውሸት ነው» የሚል የተዘጋጀ ሐረግ የለውም። ስለዚህ፣ ይላል አዳም፣ ቋንቋውን ያለ ቦታው ይጠቀምበታል፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሊፈጸም የማይችል ካሳ ይፈልጋል። ያ የተለካ ስንኝ ባይኖር የአኪሌስ ብቸኝነት እንዲህ ባልተሰማን ነበር ብዬ አምናለሁ። ግድግዳው ስላለ ነው ጩኸቱ የሚያስተጋባው።

መልእክተኞቹ ድንኳኑ ሲደርሱ አኪሌስ የብር ማሰሪያ ያለውን በገና ይዞ የጀግኖችን ዝና እያዜመ ያገኙታል። ጓደኛው ፓትሮክሎስ ትይዩ ተቀምጦ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አኪሌስ ሰዎቹን ሲያይ ደንግጦ፣ በገናውን እንደያዘ፣ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። እጁን ዘርግቶ ሲቀበላቸው ገጣሚው የሚጠራው «እግረ ፈጣኑ አኪሌስ» ብሎ ነው።