እንግሊዝኛን ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር ማስተማር



ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደየቀያችን ተመልሰን የአንደኛ ደረጃ ልጆችን እናስጠናለን። እንግሊዝኛ ሲሆን የምንጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በቃላት ዝርዝር ነው። ልጆቹ ይሸመድዱታል፤ በሳምንቱ ይረሱታል። ቃሉን የሚሠሩበት ነገር የለማ!

ሌላው መንገድ ቋንቋውን ከሌላ ትምህርት ጋር አዋህዶ ማስተማር ነው። ልጁ ባቄላ በጠርሙስ ያበቅላል፤ ሥሩን፣ ግንዱንና ቅጠሉን በእንግሊዝኛ ይጠራል። ቁመቱን በየቀኑ እየለካ "ትናንት 3 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ዛሬ 4 ነው" ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የኃላፊና የአሁን ጊዜ ልዩነት ያኔ ይገባዋል።

በ1965 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል አጠገብ ባለችው ሴንት ላምበርት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አስደረጉ። የማክጊል ዩኒቨርሲቲዎቹ ዋላስ ላምበርትና ሪቻርድ ታከር ልጆቹን ለዓመታት ተከታተሉ። ልጆቹ በሒሳብም ሆነ በእንግሊዝኛ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ አልቀሩም፤ ፈረንሳይኛም በሚገባ ይረዱ ነበር። ሆኖም በካናዳ በዚህ መንገድ የተማሩ ልጆች ሲናገሩና ሲጽፉ የሰዋስው ስሕተት አልለቀቃቸውም። ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም፤ ማናገርና ማጻፍ ያስፈልጋል።

ይህን እንዳለ ወደ አገራችን እንገልብጠው ማለት ግን የዋህነት ነው። የእነዚያ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ በቤትም በአካባቢም ጠንካራ ነበር፤ መምህራኑም በፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱ ነበሩ። በእኛ ዘንድ በብዙ ቦታ 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ላይ ማስተማሪያው በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ሒሳቡም አዲስ፣ ቋንቋውም አዲስ። ልጁ ክፍልፋይ ያቃተው ይመስለናል፤ ያቃተው ግን የጥያቄው ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሐሳቡን በልጁ ቋንቋ እናስጨብጥ፤ እንግሊዝኛውን ከዚያ እናምጣ። ለእኛ እንግዳ አካሄድ አይደለም። በወሎ ኪታብ ቤቶች ዐረብኛው ይነበባል፣ ሸኹ በአማርኛ ያብራሩታል፤ ደረሳው ፊቅሁንም ዐረብኛውንም አብሮ ይቀራል።

ለክረምቱ ማስጠኛ በሳምንት አንድ ርዕስና ከስድስት ያልበለጡ አዳዲስ ቃላት ይበቃሉ። ስናርም ደግሞ ሁለቱን እንለይ፦ ስሌቱ ትክክል ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም የሒሳቡን ማርክ ሙሉ እንስጥ፤ ዓረፍተ ነገሩን ለብቻው አብረን እናስተካክል።