በሩ ተቈልፎ መስኮቱ ክፍት ሲሆን

አንድ ዘበኛ በሩን ቈልፎ ቁልፉን በኪሱ ከከተተ በኋላ የጓሮውን መስኮት ክፍት ትቶ ቢሄድ ምን ይባላል? አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን መጠየቄ የዘበኛ ወሬ ለማውራት አይደለም። በብዙ ድረ ገጾች ላይ የሚደርሰው ነገር ከዚህ የተለየ ስላልሆነ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ አብረን የወጣን አንድ ወዳጄ በተቀጠረበት መሥሪያ ቤት የድረ ገጹ ኀላፊነት ተሰጠው። ባለጉዳዮች የምሥጢር ቃላቸውን የሚጽፉበት ገጽ ስለ ሆነ ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ አዛወረው። በማግሥቱ ግን የገጹ መልክ ፈርሶ፤ ማመልከቻው አልሠራ ብሎ፤ ብራውዘሩም ማስጠንቀቂያ እያሳየ ተገኘ። አለቃው «ልጄ፤ ትናንት ደኅና አልነበረም? ወደ ነበረበት መልሰው» አሉት። እርሱ ግን «አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ» ብሎ ለመነ።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ኤችቲቲፒ እንደ ፖስታ ካርድ ነው፤ በመንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል፤ ቢሻውም ይለውጠዋል። ኤችቲቲፒኤስ ደግሞ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ነው። ሆኖም አንድ ገጽ ብቻውን አይመጣም። «ሥዕሉን ከዚያ አምጣ፤ ጃቫስክሪፕቱን ከወዲህ አምጣ» እያለ ብራውዘሩን ያዛል። ከነዚህ አድራሻዎች አንዱ እንኳ በኤችቲቲፒ የሚጀምር ከሆነ ያ ክፍል ሳይታሸግ ይመጣል።

ጉዳቱ ሁሉ እኩል አይደለም። ሥዕል በመንገድ ቢለወጥ ተመልካቹን ያሳስታል። ጃቫስክሪፕት ቢለወጥ ግን ባለጉዳዩ የሚጽፈውን የምሥጢር ቃል አንብቦ ለሌባ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ፋየርፎክስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጃቫስክሪፕት ይከለክላል፤ ሌሎቹም ብራውዘሮች እንዲሁ ያደርጋሉ። የወዳጄን ገጽ ያፈረሰው አዲሱ ቁልፍ ሳይሆን የቈየው ቀዳዳ ነው።

ታዲያ መድኀኒቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያ በብራውዘሩ ውስጥ ለፕሮግራመሮች የተዘጋጀውን ኮንሶል መክፈት ነው፤ ጥፋተኞቹን አድራሻዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ቀጥሎ እያንዳንዱን አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ መሞከርና ከመለሰ ማረም ነው። የድሮ ጽሑፎች አድራሻ በዳታቤዝ ውስጥ ስለሚቀመጥ እዚያም መፈለግ ይገባል። ማመልከቻው የሚላክበትንም አድራሻ መርሳት አይገባም። በኤችቲቲፒኤስ የማይመልስ ከሆነ፤ ፋይሉን ሲፈቀድ ወደ ራስ ሰርቨር መገልበጥ፤ አለዚያ መተው ነው። «አፕግሬድ ኢንሴኪዩር ሪኩዌስትስ» የሚባል ትእዛዝም አለ፤ ብራውዘሩ ሁሉን በኤችቲቲፒኤስ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ነገር ግን በዚያ መንገድ የማይገኘው ነገር ከገጹ ላይ ስለሚጠፋ ፍለጋውን አይተካም።

ወዳጄ እስከ ማታ ፈልጎ ሁሉንም አገኘ። የገጹን መልክ ያፈረሰውና ማመልከቻውን ያቆመው ከየአድራሻው መጀመሪያ ላይ «ኤስ» የተባለችው አንዲት ፊደል መጉደሏ ነበር። አለቃውም በማግሥቱ ገጹን ከፍተው አዩና «እንግዲያስ ይቈይ» አሉ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምስክር ወረቀቱን ለሕዝብ በነጻ ስለሚሰጥ ገንዘብ አጣን ማለት አይቻልም። የሚጐድለው ትጋት ብቻ ነው። ባለጉዳዩ የምሥጢር ቃሉን ሲጽፍ አምኖን ነውና፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ የዘበኛውን አፍ ከመያዝ ይልቅ ተነሥተን መስኮቱን እንዝጋ።