አደይ አበባና የመስቀል ወፍ

የክረምቱ ጭጋግ ከጮቄ ተራራ መነሣት ሲጀምር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የቢቸናና የሞጣ ደጋ ቢጫ ይለብሳል። ብዙዎቻችን ወቅቱን «ጸደይ» እንለዋለን፤ በጥንቱ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መጸው ሲሆን፣ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። አበባው ግን ስሙ እስኪስተካከልለት አይጠብቅም።

በአደይ አበባነት የሚታወቀው ዋነኛው ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ሁለት ጥርስ»፣ ሁለተኛው በግሪክ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ሲሆን ሁለቱም የዘሩን ቅርጽ የሚያመለክቱ ናቸው። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙትን የባይደንስ ዝርያዎች መርምረው በ1984 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አሳትመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ አንዲት አደይ አበባ ይዘህ በእጅ ማጉያ መነጽር ተመልከት። አንድ አበባ የመሰለህ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በዙሪያው ያሉት ቢጫ «ቅጠሎች» እያንዳንዳቸው ዘር የማያፈሩ አበቦች ሲሆኑ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘር የሚሰጡት በመካከል የታጨቁት ጥቃቅን አበቦች ናቸው። ኑግና መጭም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የጎጃም ማር አብዛኛውን የሚገኘው ከእነዚህ ዘመዳሞች ነው።

የመስቀል ወፍ በመስከረም ብቻ ከሩቅ አገር ይመጣል የሚል እምነት አለ። እውነቱ የተለየ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ዓመቱን ሙሉ በአገራችን ይኖራሉ፤ በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ድንቢጥ መሳይ ቡናማ ስለሚሆን ማንም አያስተውለውም። ዝናቡ ሣሩን ሲያሳድግ ወንዱ ላባውን ለውጦ ጥቁርና ቀይ ወይም ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል፤ ሴቷን የሚያማልለው በዚህ ነው።

አደይ አበባ በየዓመቱ ደርቃ የምትሞት ተክል በመሆኗ የሚቀጥለው መስከረም ያለው በአፈር ውስጥ በወደቀው ዘር ብቻ ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ኦክሲን የተባለውን የዕፅዋት የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ያለ ልክ አሳድጎ ይገድላል፤ የሣር ወገን የሆኑትን ሰብሎች ግን ይምራል። አደይ አበባ ከሚሞቱት ወገን ናት። በማሳው ውስጥ ዘር ካላፈራች የሚቀርላት የወሰን ሣርና ማረሻ ያልደረሰበት ተረተር ነው፤ ወሰኑም በየዓመቱ በአንድ ትልም እየጠበበ ሲታረስ ንቡም የመስቀል ወፉም ድርሻቸውን ያጣሉ።