የወጣቱ እንደራሴ የማን መልእክተኛ ነው?

ስለ ውክልና በቋንቋችን ከሚነገሩት ቃላት መካከል «እንደራሴ» የሚለውን ያህል ግልጽ ትርጉም ያለው የለም። ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ማለት ነው። አንድ ሰው በአካል ሊገኝ ወደማይችልበት ሸንጎ ሌላውን ሲልክ፣ «እኔ ብኖር የምናገረውን ይናገራል፤ የተሰጠውንም መልስ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይዞልኝ ይመለሳል» ብሎ በማመን ነው። ስለዚህ እንደራሴነት ክብር ከመሆኑ በፊት አደራ ነው፤ አደራውም የሚመነጨው ከላኪው እንጂ ከመድረኩ አይደለም።

ይህን መሠረታዊ ነጥብ እንድናነሣ ያደረገን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ዓለም አቀፍ ተቋሞች ወጣቶችን እየመረጡና እያሠለጠኑ፣ «አምባሳደር» በሚል ማዕረግ የእኩዮቻቸውን ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያደርጉበት አሠራር ነው። አሠራሩ በጥቅሉ ሲታይ የሚደገፍ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባለ ወጣቱ ከምክር ሲገለል በኖረበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ አንድ የገጠር ልጅ በባለሥልጣን ፊት ቆሞ ሲናገር መስማት ራሱን የቻለ እርምጃ ነው። ሕጋዊ መሠረትም አለው። በ1982 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12፣ ሕፃኑ በሚነኩት ጉዳዮች ሁሉ አስተያየቱን በነፃ የመግለጽ መብት እንዳለውና አስተያየቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ደንግጓል። ጥያቄው ግን፣ የሚናገረው ወጣት በእርግጥ የላኪዎቹ እንደራሴ ነው ወይስ የመራጩ ድርጅት ጌጥ? የሚለው ነው።

ከአገራችን የታወቀ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሐና ጎደፋ በካናዳ አገር በቶሮንቶ ያደገች ትውልደ ኢትዮጵያዊት ናት። የ7 ዓመት ልጅ ሳለች ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ከአንዲት የገጠር ልጅ ጋር ትወዳጃለች። ወደ ካናዳ ስትመለስ በደብዳቤ ሊገናኙ ቢመኙም፣ ያቺ ልጅ የምትጽፍበት እርሳስ አልነበራትም። ሐና ከዚህ ተነሥታ እርሳስ እያሰባሰበች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች መላክ ጀመረች፤ የተላከውም በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሆነ። በ2005 ዓ.ም.፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የኢትዮጵያ ብሔራዊ አምባሳደሩ አድርጎ ሾማት።

ይህን ሥራ ቅን አሳቢ የሆነ ሁሉ ያመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ታሪኩ የያዘውን ቁም ነገር ልብ እንበል። ሐና ልትናገር የቻለችው ያቺ የገጠር ልጅ መጻፍ ባለመቻሏ ነው። እርሳሱ የተላከውም ባለ ጉዳይዋ ራሷ እንድትጽፍ ነው። እንግዲህ የማንኛውም አምባሳደር ሥራ የሚመዘነው፣ በስማቸው የተናገረላቸው ልጆች በመጨረሻ ራሳቸው ለመናገር በመብቃታቸው መሆን ይኖርበታል። አበው «ከባለቤት በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ወደ ጎጃም ገጠር ብንመለስ፣ ባለ ጉዳዮቹ ራሳቸው እንዲናገሩ የተደረገበት አንድ ጠቃሚ ልምድ እናገኛለን። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በያኔው ምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ የሙከራ ፕሮግራም ተካሂዷል። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከክልሉ የወጣቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ያካሄደው ይህ ሥራ ዓላማው ያለ ዕድሜ ጋብቻን መከላከል ነበር። ሴቶች ልጆች በቡድን ተደራጁ፤ ከአዋቂ ሴቶች መካከል አማካሪ ተመደበላቸው፤ ለተማሪዎቹ የትምህርት መሣሪያ ተሰጠ፤ ጎረምሳውም፣ ወላጁም፣ ሽማግሌውም የተሳተፉበት ማኅበረሰባዊ ውይይት ተካሄደ። ሳይዳሩ ፕሮግራሙን ለፈጸሙት ልጆች ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ ተሰጣቸው።

ውጤቱ ሲገመገም፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ጋብቻው ከንጽጽር ቀበሌው ጋር ሲተያይ እጅግ ቀንሶ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን አልቀነሰም። እኛ ሁለቱንም ውጤት እኩል ልንመለከተው ይገባል። በአንድ በኩል፣ ብቻዋን «አልዳርም» ለማለት የማትደፍር ልጅ፣ ከጎኗ እኩዮቿና የምታምናት ታላቅ ሴት ሲኖሩ ቃሏ ክብደት ያገኛል። በሌላ በኩል፣ ድምፅ ብቻውን በቂ አይደለም። ጋብቻው የሚወሰነው በቤተሰቡ ኑሮ፣ በመሬትና በከብት ጭምር በመሆኑ፣ ልጅቱ ካደገች በኋላ ትምህርትና ሥራ ካላገኘች ንግግሯ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀጣ አድርጎታል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶ 40 የሚሆኑት ያገቡት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ሕጉ በመዝገብ ሰፍሮ ሳለ ልማዱ በቤት ውስጥ ይፈርዳል ማለት ነው።

ድምፁን ማን በገንዘብ ይደግፈው? የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ በሬዲዮ መሰማት የጀመረው «የኛ» የተሰኘው ድራማና ውይይት፣ በ5 ወጣት ሴቶች አማካይነት ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ጥቃትንና የትምህርትን ጉዳይ ለብዙ አድማጭ አቅርቧል። የእንግሊዝ መንግሥት እርዳታ ያገኝ ስለነበር ግን፣ በለንደን ጋዜጦች ላይ ዘመቻ በተነሣበት ጊዜ እርዳታው በ2009 ዓ.ም. ተቋረጠ። ዝግጅቱ በሌላ መንገድ ቢቀጥልም፣ ከሁኔታው የምንቀስመው ትምህርት አለ። የገጠሪቱ ልጅ ድምፅ የሚመካው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ ስለ ጉዳዩ የማያውቅ የሩቅ ጸሐፊ ሊያስቆመው ይችላል። የራስዋ ቀበሌ የሰጣትን ውክልና ግን ከቀበሌዋ በቀር ማንም ሊነሣት አይችልም።

ከዚህ አኳያ የቆጋን ወጣት ጉዳይ እንመልከት። በመራዊ አካባቢ የተገደበው የቆጋ ወንዝ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ እንዲለማ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ስንዴው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ የዚያ ውኃ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ በጎጃም የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደው ወጣት መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው ከወላጁ በውርስ ወይም በስጦታ፣ ካልሆነም በኪራይ ወይም በእኩል በማረስ ነው። ቦዩን ሲጠርግ የሚውለው ይህ ወጣት፣ ውኃው መቼና ወደ ማን ማሳ ይውረድ በሚባልበት ስብሰባ በራሱ ስም የሚናገርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ከእርሻ ተነቅሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ወንድሙስ? የቤት ኪራዩን፣ የደመወዙንና የቅጥሩን ጥያቄ ማን ያቀርብለታል? የወጣቶች አምባሳደር የሚባለው፣ ስለ «ተስፋ» እና ስለ «ነገ» ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ስለ ቦይና ስለ ደመወዝ ግን ዝም የሚል ከሆነ፣ ድምፁ ያማረ ቢሆንም የላኪዎቹ ድምፅ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ተማሪውን ከክፍል አስወጥቷል። ከትምህርት ገበታ የተለየች ልጅ ለቀደመ ጋብቻ ትጋለጣለች፤ ከትምህርት ቤቱም ጋር ክበቡ፣ እኩዮቿና የምታምናት መምህርት አብረው ይርቋታል። ድምፅዋ በብዛት በሚያስፈልግበት ሰዓት የምትናገርበት ቦታ ይጠፋል። ስለዚህ ጉዳዩ ለድርጅቶች ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ በየሰፈሩና በየሥራ ቦታው የተደራጀውን ሕዝብ የሚመለከት ነው።

ታዲያ ምን መደረግ ይኖርበታል? በመጀመሪያ፣ እንደራሴው በድርጅት ሠራተኛ ሳይሆን በእኩዮቹ ስብሰባ ይመረጥ፤ ቋንቋ የቀናው የከተማ ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ ትምህርት ያቋረጠችውም፣ መሬት የሌለውም፣ የቀን ሠራተኛውም የመመረጥ ዕድል ያግኙ። ሁለተኛ፣ ከመሄዱ በፊት መልእክቱ በስብሰባው ተነግሮ በጽሑፍ ይያዝ። ሦስተኛ፣ ሲመለስ የተነገረውን መልስ፣ መልስ ካልተሰጠም አለመሰጠቱን፣ በላኪዎቹ ፊት ቆሞ ያስረዳ። አራተኛ፣ ዘመኑ የተወሰነ ሆኖ ተራው ለሌላው ይድረስ። ለእነዚህ ነገሮች የውጭ ገንዘብ አያስፈልግም። የዕድርና የማኅበር አባላት አዳራሻቸውን በወር አንድ ቀን ለወጣቶች ቢለቁ፣ ሠራተኞችም የወጣት ባልደረቦቻቸውን ጥያቄ በማኅበራቸው አጀንዳ ላይ ቢያሲዙ ሥራው ይጀመራል።

ይህን የምንለው ወጣቱን ለማሞገስ አይደለም። ወጣቱም ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱን የሚያርመው ግን መልስ የሚጠይቁት ላኪዎች ሲኖሩት ነው። ያቺ የገጠር ልጅ እርሳስ ባለማግኘቷ ደብዳቤዋ ሳይጻፍ ቀርቷል። ዛሬ በጎጃም ቀበሌዎች ያሉት እኅቶቿ ሊጽፉት የሚፈልጉት ብዙ ነው። እርሳሱን ማቀበል የለጋሾች ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ ማንበብና መልስ መስጠት ግን የእኛ ግዴታ ነው።