ተኝታ የሣለችበት ሰማያዊ ቤት

ሜክሲኮ ሲቲ የሚያደርስ ጉዳይ ወይም ዘመድ ካለዎት፣ ግማሽ ቀን ለፍሪዳ ካሎ ቤት ይተዉ። የከተማዋን ምድር ባቡር 3ኛ መስመር ይዘው ወደ ደቡብ ሲጓዙ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ ያገኛሉ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በመቃወሟ እኛም በአዲስ አበባ አደባባይ ሰይመንላታል። ልጆችዎን እዚያ ፎቶ ያንሷቸውና ጉዞዎን እስከ ኮዮአካን ይቀጥሉ።

ፍሪዳ እዚህ ሰማያዊ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1907 ተወለደች፤ በ1954 ያረፈችውም እዚሁ ነው። ዝነኛ ሥዕሎቿን ፍለጋ ከሄዱ ቅር ይልዎታል፤ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ናቸው። የሚታየው ቤቱ ነው።

በቤትዎ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ካለ ወይም ከነበረ፣ አልጋዋ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ማለትዎ አይቀርም። በ6 ዓመቷ ፖሊዮ አንድ እግሯን አቀጨጨው። በ18 ዓመቷ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ተጋጭቶ አከርካሪዋና ዳሌዋ ተሰበሩ። ለወራት መነሣት ስላልቻለች እናቷ ተኝታ የምትሥልበት የሸራ ማቆሚያ አሠሩላት፤ ከአልጋው ጣሪያ ላይም መስታወት ተገጠመላት። ቀኑን ሙሉ የምታየው ፊት የራሷ ነበርና እሱን መሣል ጀመረች። መስታወቱ ዛሬም አለ። የቀን መኝታዋ ከሥዕል ክፍሏ ጎን መሆኑን ልብ ይበሉ። እኛ ዘንድ ታማሚ ፀጥ ወዳለ ጓዳ ይገባል፤ እሷ ግን የተኛችው ሥራዋ አጠገብ ነው።

ወጥ ቤቱ ደማቅ ነው። ግድግዳው ላይ በጥቃቅን የሸክላ ማሰሮዎች የእሷና የባሏ የሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ስም ተጽፏል። ሩሲያዊው አብዮተኛ ትሮትስኪም በስደት ዘመኑ በዚህ ቤት ተጠልሎ ነበር።

ለልጆች አስቀድመው ሊነግሯቸው የሚገባው ስለ ልብሶቿ ክፍል ነው። ዲዬጎ እንዲዘጋ ያዘዘው መታጠቢያ ቤት ፍሪዳ ካረፈች ከ50 ዓመት በኋላ በ2004 ሲከፈት፣ ቀሚሶቿ፣ ወገቧን ይደግፉ የነበሩት የጄሶና የብረት ኮርሴቶች፣ ቀይ ቦት ጫማ ያጠለቀው ሰው ሠራሽ እግሯም ተገኙ። ትንንሾቹ ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ከፍ ያሉት ግን ብዙ ይጠይቃሉ።

ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ትኬትዎን በኢንተርኔት ቀደም ብለው ይግዙ። ሰኞ ዝግ ነው። ስለ ከፍታው አይጨነቁ፣ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ጥቂት ዝቅ ትላለች።